ለእህቴ ቤት ጎማ ስመርጥ

ከሁሉ በፊት እኔ ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ጎሚስታ ሆኜ ኖሬአለሁ። ከደብረ ሲና ቁልቁለት ፍሬኑ ግሎ የሚወርድ፣ ከካራቆሬ በኩል ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ የሚመጣ፣ ጎማው ያማረረው ሹፌር ሁሉ እኔ ዘንድ ቆሟል። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። የፈረንጁን ፊደልና ቁጥር የለየሁት ከጎማ ጎን ላይ ነው፤ የእኛን ደግሞ የጭነት መኪና ግንባር ላይ ከሚጻፈው ጥቅስ። አስተማሪ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈውም በራሴ እጅ ነው፤ ማንም አላረመልኝም፣ እንዲያርምልኝም አልጠይቅም።

ጎማ በመዶሻ ስመታ ዓይኔን ጨፍኜ ውስጡ ያለው ሽቦ ደህና መሆኑንና አለመሆኑን ከድምፁ እለያለሁ። አውራ ጣቴን ጎኑ ላይ ስጫን ስንት ክረምት እንዳየ አውቃለሁ። ጎማ የሚሞተው በመንገድ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከመንገዱ ይልቅ ፀሐይ ይገድለዋል። ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም። የሮቢት ፀሐይ ነው ያስተማረኝ።

አሁን የሚያናድደኝን ነገር ደግሞ ልናገር። ከሃያ ዓመት በፊት ግድም የጎማ ጎን ላይ አራት ቁጥሮች ባንድ ክብ ውስጥ እየታተሙ መምጣት ጀመሩ። ሹፌሩም ነጋዴውም ምን እንደሆኑ አላወቀም። ለሮቢት የተረጎምኩት እኔ ነኝ። «የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው» አልኩ። «እንደ መድኃኒት ነው፤ ማብቂያው ነው። አሥራ ሁለት ካለ በአሥራ ሁለት ይሞታል። ሃያ ካለ እስከ ሃያ ይኖራል።» ሁሉም ተቀበለኝ። ጎማ ነጋዴው ተቀበለ፣ ሌሎቹ ጎሚስታዎች ተቀበሉ፣ ከሰንበቴ የሚመጡ ሹፌሮች ሳይቀሩ ይህንኑ ይዘው ሄዱ። በጎማ ጉዳይ ሮቢት ውስጥ ከእኔ ጋር የተከራከረ ሰው አልነበረም። ያንን እንደ ክብር እቆጥረው ነበር።

ቤቱን ያገኘሁት ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። በጎማ የሚጎተት ቤት። ፈረንጆች አገራችን ድረስ መጥተው መንገድ ሲሠሩ መሐንዲሱ ይተኛበት ነበር። ግንባሩ እንደ እንቁላል ክብ፣ ግድግዳው ነጭ አሉሚኒየም፣ መስኮቱ ትንንሽ። ውስጡ ተጣጥፎ የሚነሳ አልጋና ሁለት ዓይን ያለው ምድጃ አለው። ሰፈራቸውን ሲነቅሉ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው ብረት፣ አክሱ፣ ተጣሞ ስለነበር ወንዝ ዳር ጥለውት ሄዱ። አክሱን አወጣሁና በከሰል አግዬ፣ በመዶሻ አቀናሁት። ሦስት መካኒክ «አይሆንም» ብለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግቢዬ ውስጥ ኒሙ ዛፍ ሥር በድንጋይ ላይ ቆሞ ኖረ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ገብቼ እተኛበት ነበር። ሰዉ «የፈረንጁ ቤት» ይለዋል። የእኔ ነው። ፈረንጁ ጣለው፣ እኔ አነሳሁት።

እህቴ አጣዬ ትኖራለች። ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ማሾ ስትለቅም ጀርባዋ ላይ ነበርኩ፣ ገበያ ስትወርድም ጀርባዋ ላይ። ቤቷ ከተቃጠለ ወዲህ ከቦታዋ አልነሳ ብላ፣ በግንቧ ፍርስራሽ ላይ ሸራ ወጥራ ትኖራለች። ሮቢት እኔ ዘንድ ነይ ብላት እምቢ አለች። «ድንበሬን ጥዬ ሄጄ ነገ ማን ይመልስልኛል?» አለችኝ። ባለፈው ክረምት ሸራው ሥር እርጥበቱ ደረቷን ያዘው። ሐኪሙ አንድ ነገር ነው የነገረን። ሌላ ክረምት እንዲህ ካሳለፈች አትወጣውም።

አጣዬ ለለቅሶ የሄድኩ ቀን ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ነገርኳት።

«እትዬ፣ ሰኔ ሳይጋመስ ደጅሽ ላይ ቤት አቆምልሻለሁ።»

«አንተ ደግሞ! ቤት በኪስህ ይዘሃል?»

«በጎማ አመጣዋለሁ።»

ለቅሶ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። የሟች ባለቤት ሳትቀር ሳቀች። ሳቁ አላስከፋኝም። የተናገርኩትን የማደርግ ሰው መሆኔን ያውቃሉና።

ቤቱ ላይ የነበሩት ጎማዎች ቆመው ያረጁ ነበሩ፤ ጎናቸው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። አዲስ ሁለት ጎማ ያስፈልገዋል። ሁለት ብቻ! የአርባ ዓመት ጎሚስታ ሁለት ጎማ መምረጥ ያቅተዋል? ወደ ጎማ ነጋዴው ሄድኩ። ሱቁ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ሰውየው አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከደጋ ወርዶ እዚህ ሀብታም የሆነ ነው። ጎማውን ከሱቁ በር ውጭ እንደ ምሰሶ ከምሮ ፀሐይ ላይ ያውለዋል።

«ጋሼ፣ ቤትዎን ይዘው ሊሰደዱ ነው አሉ?» አለ። ሽንኩርት የሚጭኑ ሰዎች ቆመው ነበር፤ ሳቁ።

«አንተን ጥዬ መሄዴ ነው» አልኩት። «ጎማ አምጣ።»

መጀመሪያ ያመጣው የትንሽ መኪና ጎማ ነው። ጎኑን ጨበጥ ሳደርገው እንደ ጆሮ ይተጣጠፋል። ደሜ ፈላ።

«ይኼ ምንድን ነው? ተጎታች ቤት ሞተር የለው፣ የሚሸሽበት የለው። ያለው ክብደት ብቻ ነው። ክብደቱ በሙሉ ሁለት ጎማ ላይ ነው የሚወድቀው። ጎኑ የሳሳ ጎማ ብሰጠው ቤቱ እንደ ሰካራም ሲወላገድ ይሄዳል።»

«ሄዶ ለሚቆም ነገር ምን አነሰው ብዬ ነው እንጂ።»

«ሄዶ እስኪቆም አንተ ትሸከመዋለህ?»

ሁለተኛ ያመጣው ፊቱ ተነቅሎ አዲስ ፊት የተለጠፈበት ጎማ ነው። መዶሻዬን አወጣሁና መታሁት። ግማሹ ጎን ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ ግማሹ እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ልጣጩ ለቋል ማለት ነው። «ይህንን ለጠላትህ ሽጥ» አልኩት። «ጠላቴማ አንቱ ነዎት፤ እምቢ አሉኝ» አለ። ሽንኩርት ጫኞቹ እንደገና ሳቁ። ሰውየው አፉ ስል ነው፣ ይህን አልክድም።

ሦስተኛው የሚኒባስ ጎማ ነበር። ስምንት ሽፋን ያለው፣ ጎኑ ጠንካራ፣ ጥርሱ ያልተነካ። ልኩ ከቸርኬው ጋር ይገጥማል። ከክምሩ ላይ ሁለቱን አወረደ። በጥቁር ቅባት ስለተወለወሉ ያብረቀርቃሉ። አውራ ጣቴን ጎኑ ላይ ስጫን ከቅባቱ ሥር ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ተሰማኝ። አንዴ ቆምኩ። ከዚያ ክቡን ፈልጌ ቁጥሩን አነበብኩ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አሥራ ዘጠኝ ይላሉ።

«እስከ አሥራ ዘጠኝ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ዓመቱ አሥራ ሰባት ነው። ገና ሁለት ዓመት አለው።»

«እኔም ይህንኑ ልነግርዎ ነበር።»

«አንተ ምን ትነግረኛለህ? ይህንን ማንበብ ማን አስተማረህ?»

«አንቱ ነዎት ጋሼ።»

«በቃ።»

አውራ ጣቴ ጠርጥሮ ነበር። ዓይኔ ግን ቁጥሩን አንብቦ ፈረደ። በጣቴ ብቻ ብሄድ ኖሮ አልሳሳትም ነበር።

ቤቱን የሚጎትተው ፒክአፕ ያለው አንድ ሹፌር ነው፤ ከይፋት አርጎባ ወገን የሆነ፣ ጅዳ ብዙ ዓመት ሲነዳ ኖሮ የተመለሰ፣ ጭምት ሰው። ጠዋት ሰማዩ ገና ሳይግል መጣ። የቤቱን መንጠቆ ከፒክአፑ ጋር አገናኘን። ኩሽኔታውን ግራሶ ቀብቼዋለሁ፣ ቡሎኖቹን በየተራ አጥብቄአለሁ፣ ነፋሱን በራሴ መለኪያ ሞልቻለሁ። የቀረ ነገር አልነበረም። ሹፌሩ አንዱ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለና ጎኑን አየ። ቁጥሩ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ጋሼ፣ ይቺ ጎማ እኮ...»

«ጎማው የእኔ፣ መሪው ያንተ። ግባና ንዳ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እሺ። ቢስሚላህ» አለና ገባ።

ከሮቢት ስንወጣ ሰዉ ከየሱቁ ወጥቶ አየ። እኔ ፒክአፑ ውስጥ ሆኜ አንገቴን አውጥቼ ቤቴን ወደ ኋላ አያለሁ። ነጩ ግንባሩ እየተወዛወዘ ይከተለኛል። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም። ከተማው ውስጥ ብዙ ቤት የሠራ ሰው አለ፤ ቤቱን አስነስቶ አስፋልት ላይ ያስሄደ ግን እኔ ነኝ። በዝግታ ሄድን። ፀሐይዋ ወጣች፣ አስፋልቱ ጋለ። ጀውሃን አለፍን። ሹፌሩ «ማሻአላህ፣ ደህና እየሄደች ነው» አለ። ገና ቃሉ ካፉ ሳይወጣ ጎማው ፈነዳ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ብዙ ሰምቻለሁ፤ በገዛ ቤቴ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ቤቱ ወደ ቀኝ ዘመመ፣ በሩ ተበርግዶ ምድጃው አስፋልት ላይ ወደቀ፣ የጎማው ልጣጭ እንደ እባብ እየተገለበጠ ወደ ማሳው ገባ። ሹፌሩ መሪውን አልለቀቀም፤ ቀስ አድርጎ ጠርዝ ላይ አቆመው። ሰው አልተጎዳም፤ አልሐምዱሊላህ። ግመል የሚነዱ ሁለት ሰዎች ቆመው አዩን። አንደኛው «አባባ፣ ቤትዎ አነከሰ?» አለኝ። ድንጋይ አነሳሁ። ግን አልወረወርኩትም።

የፈነዳውን ጎማ አወጣሁ። ጎኑ ዙሪያውን ተከፍቷል። ቅባቱ በመንገድ ላይ ለቆ አሁን እውነተኛው ቆዳው ይታያል። እንደ አሮጌ ሰው ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ሁለተኛውን አየሁ። ያው ነው። የፈነዳው አንደኛው ቢሆንም የሞቱት ሁለቱም ናቸው።

«ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። «ይህ ነጋዴ የሌላ ጎማ ቁጥር አሳትሞበት ነው! ሁለት ዓመት የቀረው ጎማ እንዲህ ይሆናል?»

ሹፌሩ ጥላ ፈልጎ ቤቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። «ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ወላሂ አይቆጡ። ቁጥሩ ማብቂያ አይደለም። የተሠራበት ነው።»

«ምን?»

«የተሠራበት ዓመት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር። ጅዳ እያለሁ ትራፊኩ ቁጢጥ ብሎ የሚያየው ይህንን ነው። ከተሠራ አምስት ዓመት ካለፈው ይቀጣሃል። ይኼ የፈረንጅ አሥራ ዘጠኝ ነው። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያንን ሁሉ ዓመት ደግሞ ፀሐይ ላይ ኖሯል።»

«ጠዋት አይተኸው ነበር!»

«አይቼው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርዎ አፌን ከፈትኩ። ምን አሉኝ? ሮቢት ውስጥ አንቱን በጎማ የሚናገር ማን አለ?»

ልመታው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። የምመታበት ምክንያት ስለሌለ አልመታሁትም። በዚያው ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«የት ደረስክ? ድንጋዩን አስደልድያለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ እዚህ ነው። ሰማዩ በደብረ ሲና በኩል ጠቁሯል፤ ደረቴም ከጠዋት ጀምሮ ሲር ሲር ይላል።»

«መጣሁ እትዬ። መንገድ ላይ ነኝ።»

ይህ ውሸት አልነበረም። መንገድ ላይ ነበርኩ።

ቤቱን በክሪክ ላይ አቁመን ሹፌሩን አጠገቡ ተውኩት። እኔ የፈነዳውን ጎማ ታቅፌ ወደ ሮቢት በሚመለስ ሚኒባስ ገባሁ። ተሳፋሪው «ይሄን ምን ሊያደርጉት ነው?» ይለኛል። ጎማውን በዚያ ነጋዴ አንገት ላይ ላስገባ እንደምሄድ በልቤ ነበር። ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ ሰው በንዴት ውስጥ ሆኖም ያስባል። ጎማውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን አየሁ። በዘመኔ ስንት ሺህ ጎማ ቀብሬአለሁ! ደካማ የምለው የፋብሪካ ስም አለ፣ ጠንካራ የምለውም አለ፤ ባንድ ሰሞን የሚመጣው ሁሉ ግን ቁጥሩ አንድ ነው። እንግዲህ ማብቂያ ከሆነ ደካማውም ጠንካራውም፣ ትንሹም ትልቁም፣ ሁሉም ባንድ ዓመት እንዲሞት ፋብሪካው ሁሉ ተማክሯል ማለት ነው? የሚሞትበትን ቀን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ የተወለደበትን ግን ፋብሪካው ያውቃል። ይህን ጥያቄ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልጠየቅኩም?

ስህተቱ ሃያ ዓመት ተሸፍኖ የኖረበትን ምክንያትም ሮቢት ሳልደርስ አገኘሁት። ማንም አልነገረኝም። የፈረንጅ ዘመን ከእኛ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀድማል። በጥላ የተያዘ ጎማ ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ይኖራል። የተወለደበትን የፈረንጅ ዓመት እኔ የሚሞትበት የእኛ ዓመት ነው ብዬ ሳነብ ሁለቱ ይገጥማሉ! የዘመኑ ልዩነት ስህተቴን ልክ አስመስሎ ያኖረው በዚህ ነው። ፀሐይ ላይ ላልተከመረ ጎማ ንባቤ ምንም አልጎዳም። ለሮቢት ግን፣ እዚህ ጎማ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ በሚሰጣበት ከተማ፣ ሰው ሊገድል ይችል ነበር። ምናልባትም ገድሏል። ያንን ማወቅ አልችልም፤ ስለዚህም ነው ንዴቴ የማይበርደው።

ሱቁ ስደርስ ነጋዴው ጎማውን ታቅፌ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ።

«ጋሼ፣ እኔ ምን አደረግኩ? ቁጥሩን ያነበቡት አንቱ!»

አልፌው ወደ ውስጥ ገባሁ። ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ የእኛ ዓመት በትልቁ፣ የፈረንጁ በትንሹ። መነጽሬን አወጣሁ። የፈረንጁ ሃያ አምስት ይላል።

«በቅርብ የመጣልህ ጎማ የቱ ነው?»

«ለምን?»

«አምጣ አልኩህ!»

ከኋላ ካለው ጨለማ መጋዘን ሁለት የሚኒባስ ጎማ እያንከባለለ አወጣ። ጥርሳቸው መካከል የፋብሪካው ቀጫጭን የጎማ ፀጉር ገና አልተነቀለም። ቁጥሩን አየሁ፤ ሃያ አምስት። ሁለተኛውንም አየሁ፤ ሃያ አምስት። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ፤ ሃያ አምስት። ቁጭ አልኩ።

«እነዚህን ለራሴ ሚኒባስ ነው ያስቀመጥኳቸው» አለ ነጋዴው። «እስከ ሃያ አምስት ይኖራሉ ብዬ።»

«አይኖሩም። ዘንድሮ የተወለዱ ናቸው» አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ቁጥሩ ልደት እንደሆነ፣ በፈረንጅ እንደሆነ፣ በር ላይ የከመራቸው ግማሾቹ ሬሳ እንደሆኑ። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ እስከ መቃብሬ አልረሳውም።

«እነዚህን ጎማዎች እሰጥዎታለሁ» አለ። «እህትዎ ሸራ ሥር ናቸው፣ ዝናብ እየመጣ ነው፤ ሚኒባሴ ይቆይ። አንድ ነገር ብቻ። አሁን ለእኔ የነገሩኝን በሩ ላይ ቆመው ይንገሩ። ሽንኩርት ጫኞቹም፣ ከማዶ ያሉት ጎሚስታዎችም ይስሙ። እኔን ሌባ ሊሉኝ ነበር የመጡት፤ ዓይንዎ ይናገራል።»

«አልናገርም።»

«እንግዲያው ጎማው መጋዘን ይመለስ?»

ወጣሁ። ከአስፋልቱ ማዶ ሦስት ጎሚስታ አለ፤ ሦስቱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሽንኩርት ጫኞቹ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ጮኼአለሁ፤ እንደዚያ ቀን የከበደኝ ጩኸት የለም።

«ስሙ! የጎማው ቁጥር ማብቂያ አይደለም! የተሠራበት ነው፤ በፈረንጅ! ከሃያ ዓመት በላይ በስህተት አስተምሬአችኋለሁ!»

አንዱ ጎሚስታ እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ «ምን አሉ ጋሼ? ነፋሱ ወሰደው!» አለ።

«ተሳስቻለሁ አልኩ! አሁን ሰማህ? ደንቆሮ!»

ከማዶ ሳቅ ፈነዳ። ነጋዴው ግን አልሳቀም። ወንበሩ ላይ ወጥቶ ክምሩን ከላይ ጀምሮ እያወረደ ቁጥር ማንበብ ጀመረ።

ሁለቱን ጎማ ባጃጅ ላይ ጭኜ ጀውሃን አልፌ ስደርስ ሹፌሩ የአስር ሰላቱን ሰግዶ ጨርሶ ምድጃውን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። አላሾፈብኝም። «ቁጥራቸው?» አለኝ ብቻ። «አንብበው» አልኩት። ቁጢጥ ብሎ አነበበና «የዘንድሮ ነው» አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔን ጎማ ሌላ ሰው አነበበልኝ።

ጎማዎቹን ገጥመን ተነሳን፤ ሰንበቴን ስናልፍ ማካፋት ጀመረ። አጣዬ ስንገባ ዝናቡ ገና አልበረታም። እህቴ ከሸራው ሥር በበትሯ ተደግፋ ወጣች። ጎረቤቱ እልል አለ። እሷ ግን እልል አላለችም። ቤቱን ዞረችው፣ ግድግዳውን በበትሯ ነካችው፣ መስኮቱን አየች። ከዚያ ጎማው ፊት ቆመች።

«ይኼስ?»

«ጎማ ነው እትዬ። ምርጥ ጎማ ነው። ስምንት ሽፋን፣ የዘንድሮ ሥራ፣ በሮቢት እንደዚህ ያለ...»

«አውልቀው።»

«ምን?»

«እግር ያለው ቤት ምኑን ቤት ሆነ? ነገ አንዱ መንጠቆውን ይዞ ቢጎትተኝስ? እኔ ከዚህ አልሄድም፤ ቤቴም አይሄድም። አውልቀው።»

«እትዬ፣ ዛሬ በእነዚህ ጎማዎች የደረሰብኝን ብታውቂ!»

«ሮቢት ያሉት በስልክ ነግረውኛል» አለች። «ተሳስቻለሁ አልክ አሉ። አንተ! ምነው ባየሁ! አሁን ዝናቡ ሳይጠና አውልቅ።»

ዝናብ ላይ ተንበርክኬ አወጣኋቸው። እየተሳደብኩ ነበር፤ ማንን እንደምሳደብ ግን አላወቅኩም። አክሱን ባስደለደለችው ድንጋይ ላይ አሳረፍኩ። እሷ ገባች፣ በሩን ዘጋች። ዝናቡ ጠና። ከውስጥ ድምፅዋ መጣ፤ «ይንኳኳል እንጂ አያፈስም!»

ያን ሰሞን ያደረግኩትን እዚህ ላይ አኖራለሁ፤ ማንም እንዳይክደኝ።

ቤቱን ከሮቢት አጣዬ አስገባሁ፤ አክሱን ያቀናሁት እኔ፣ ያስጎተትኩት እኔ፣ ያሳረፍኩትም እኔ።

ሁለቱን አዲስ ጎማዎች ለነጋዴው መለስኩ፤ ዛሬ በሚኒባሱ ላይ ይሄዳሉ።

በሱቄ ግድግዳ ላይ በነጭ ቀለም፣ በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ «የጎማ ቁጥር ልደት ነው። በፈረንጅ ነው። በጥላ አኑር።» ሁለት ቃል ተሳስቼ አጥፍቼ ጻፍኩት፤ ማጥፊያው ይታያል።

ሮቢት ውስጥ ያሉትን ጎሚስታዎች በሙሉ በእግሬ ዞሬ አረምኩ። ሁለቱ አልሰሙኝም፤ ጮኼባቸዋለሁ፣ አሁንም እጮኽባቸዋለሁ።

ነጋዴውን ጎማውን ከፀሐይ እንዲያነሳ አደረግኩ። ሸራ ወጥሮበታል። ሸራው የእህቴ የነበረው ነው።

ሹፌሩን ይቅርታ ጠየቅኩት። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ በላይ አልጠይቅም።

እህቴ ክረምቱን ሳትስል ወጣች።